ኮፒ የማያስቀረው ወንድሜ

ወንድሜ በሞተ ሰሞን ሊያጽናናኝ የመጣው ሰው ሁሉ የሚለኝ አንድ ነገር ነበር። «አንቺስ ታድለሻል፤ ዕድሜውን ሙሉ ድምፅ ሲቀዳ የኖረ ሰው ነው፣ ሲናፍቅሽ ከፍተሽ ትሰሚዋለሽ።» መጀመሪያ ላይ ለቅሶ የመጣን ሰው መቆጣት ነውር ነው ብዬ ጥርሴን ነክሼ ቻልኩ። በኋላ ግን አንዷ ደንበኛዬ፣ ቀሚስ ሰፍቼላት ደጋግማ ያስፈታችኝ ሴትዮ፣ እጄን ይዛ «እስቲ አንዱን ክፈቺልንና እኛም ድምፁን እንስማው» ስትለኝ ደሜ ፈላ።

«የቱን?» አልኳት። «የቱን ልክፈትልሽ? የሰውን ሁሉ ድምፅ ሲቀዳ ኖሮ የራሱን ትንፋሽ እንኳን አላስቀረልኝም! ሂጂና ሱቁን ፈትሺው፤ አንዲት ቃል ካገኘሽ ምላሴን ቁረጪው!»

እኔ ጮኼ የማላውቅ ሰው አይደለሁም፤ ሰፈሩ አመሌን ያውቀዋል። የዚያን ቀኑ ጩኸቴ ግን እኔኑ አስደነገጠኝ። ሰዎቹ አንገታቸውን ደፉ፤ ጥግ ላይ ተቀምጦ የነበረ አንድ ሰው ብቻ ተነስቶ ወጣ። አስቀየምኩት ብዬ አዘንኩ። ስለ እሱ በኋላ አወራለሁ።

የተናገርኩት ግን እውነቴን ነው። ሱቁን ፈትሼዋለሁ። መሳቢያውን ሁሉ ዘርግፌ፣ ያገኘሁትን ሚሞሪ በሙሉ ሰብስቤ፣ ኮምፒውተር ያለው ጎረቤቴ ዘንድ ወስጄ አንድ በአንድ አስከፈትኩ። ባዶ። ይሄም ባዶ፣ ያም ባዶ። ስልኩ ውስጥም ቢሆን ያለው የሽቦና የማይክ ፎቶ ነው። እኔስ ብሆን፣ ከጠዋት እስከ ማታ በአንድ መጋረጃ ተለያይተን ስንሠራ የኖርን እህቱ፣ እየሰማሁት ውዬ እየሰማሁት የማመሸውን ሰው መቅዳት በምን ይታሰበኛል? አሁን ድምፁ እየጠፋብኝ ነበር። «እታለም» ብሎ ሲጠራኝ ምን ይመስል እንደነበር ዓይኔን ጨፍኜ አስታውሳለሁ ስል፣ ጆሮዬ ላይ የሚመጣው የራሴው ድምፅ ነው። መሞቱስ የሁላችንም ዕዳ ነው፤ እኔን የበላኝ ይሄ ነበር።

ሰፈሩ «ቀጥታ» ነበር የሚለው። ስሙ የወጣለት ከሥራው ነው። ሌሎቹ ቪዲዮ ቀራጮች በራሳቸው ካሜራ ቀድተው፣ ወደ ቤታቸው ወስደው፣ «ነገ ና፣ ከነገ ወዲያ ና» እያሉ ሰው ሲያመላልሱ፣ የእኔው ወንድም ደንበኛው ይዞት የመጣውን ኪስ የሚገባ፣ መቅዳትም የሚችል ማጫወቻ ይቀበላል፤ ካሜራውንና ማይኩን በሽቦ ይሰካበትና ቀጥታ እዚያው ላይ ይቀዳል። ሲጨርስ ሽቦውን ነቅሎ «እንካ» ነው። ምስሉም ድምፁም ባለቤቱ ኪስ ገብቶ ይሄዳል፤ ሱቁ ውስጥ የሚቀር የለም። «ኮፒ አስቀርተሃል?» ሲሉት «እኔ ዘንድ ምን ይሠራል?» ይላል።

ነጋዴ አልነበረም መቼም። «አንተ ሰው፣ ኮፒ ብታስቀር እኮ የጠፋበት ሁሉ ተመልሶ ይመጣ ነበር» እለዋለሁ፣ ከመጋረጃው ወዲህ የስፌት መኪናዬን እየረገጥኩ።

«እታለም፣ አንቺ የሰው ቀሚስ ስትሰፊ አንድ ተጨማሪ ሰፍተሽ ታስቀሪያለሽ?» ይለኛል። እኔ እሳደባለሁ፤ እሱም ይስቃል።

ደቃቃ ነበር፤ ሽቦ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ሲንጎራደድ ዕቃው ከእሱ ይከብዳል። ትዳር አልያዘም፤ እኔ ቤት፣ ከኋላ ያለችው ክፍል ውስጥ ነው የኖረው። ከሰው ጋር ብዙ አያወራም፤ ሰው ማይክ ፊት ሲቀመጥ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ምላሱ የተሳሰረውን ሁሉ ያፍታታዋል። «ማይኩን እርሳው፣ ከእኔ ጋር አውራ» ይላል። ስንቱ አባት ለልጁ፣ ስንቷ ሚስት ለባሏ በአፍ ያልወጣላቸውን ነገር እሱ ፊት ተናግረው፣ ኪሳቸው ከትተው ሄደዋል።

ኮፒ አላስቀርም ማለት የጀመረው በወጣትነቱ ነው። ያኔ አንድ ቪዲዮ ቤት ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። አሠሪው ከቀዱት ሠርግ ሁሉ ለራሱ ያስቀራል። አንዲት ሙሽራ ከቤት ልትወጣ ስትል አክስቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ «አልፈልገውም፣ አልፈልገውም» እያለች ስታለቅስ ካሜራው ይዟት ኖሮ፣ ሰውየው እሱን ለይቶ አስቀምጦ ሥራ ሲቀዘቅዝ ለጓደኞቹ እየከፈተ ይሳሳቅበት ነበር። ወሬው ልጅቷ ጆሮ ገባ። መጥታ በር ላይ ቆማ «እባካችሁ አጥፉልኝ» ስትል ወንድሜ ነበር የተቀበላት፤ የቀዳትም እሱ ነው። ዓይኗን ማየት አልቻለም። በዚያው ሥራውን ጥሎ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ የሰው ነገር እሱ ዘንድ አድሮ አያውቅም። መልሶም አይሰማም። ሲቀዳ ጆሮው ላይ ባደረገው ማዳመጫ ሰማ፣ በቃ። «የሰው ነገር ሁለቴ አልሰማም» ይላል፣ የማለ ይመስል። እኔ በዚህ እኮራበት ነበር። ፊት ለፊት ግን አንድም ቀን ነግሬው አላውቅም፤ ነገር ስፈልገው ነው የኖርኩት።

ይሄው አመሉ አንድ ጊዜ ጉድ አደረገው።

የከተማ አውቶቡስ የሚነዳ አንድ ሾፌር አለ። ድምፁ ጎርናና፣ ሲስቅ ከመንገዱ ማዶ የሚሰማ ሰው ነበር። የሚኖረው ከእናቱ ጋር ነው፤ እናቱ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቁ ገብቶ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ድምፁ ሻክሯል፣ አንገቱ ላይ ሻርፕ ጠምጥሟል።

«ቀጥታ፣ ጉሮሮዬ ውስጥ የማይሆን ነገር አግኝተውብኛል» አለው። «ማንቁርትህ መውጣት አለበት አሉኝ። ነፍሴ ትተርፋለች፤ ድምፄ ግን አይመለስም።»

የስፌት መኪናዬን አቆምኩ።

«ለራሴ አይደለም» አለ ሾፌሩ። «እናቴ እኔን የምታውቀኝ በድምፄ ነው። ማታ በር ላይ ሆኜ እማ፣ መጣሁ ስላት ነው ልቧ የሚያርፈው። በሩ ተከፍቶ ሰው ዝም ብሎ ሲገባባት እስቲ አስበው። ሌባ ይሁን ልጇ በምን ታውቃለች?» ከኪሱ መዳፍ የምታክል አዲስ ማጫወቻ አወጣ። «እዚህ ላይ ቅዳልኝ። እማ መጣሁ፣ እማ ወጣሁ፣ እማ እዚህ ነኝ፤ እንዲህ እንዲህ ያለውን። እየተጫንኩ አሰማታለሁ።»

ወንድሜ ማጫወቻዋን አገላብጦ አያት። «ምስልም ልያዝልህ?»

«ለማን ብዬ? እሷ አታይ።»

«ለአንተ ነዋ። ስታወራ ምን እንደምትመስል ታያለህ።»

ሾፌሩ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ። «ይሁን፤ ግን መልኬን አሳምረው» አለ።

አመሹ። ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ ሁሉንም እሰማለሁ። ወንድሜ «በል» ይለዋል፤ ሾፌሩ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ እንደ ዜና አንባቢ ድርቅ ብሎ «እማ፣ መጣሁ» ይላል። ከዚያ ያርፋሉ። ውሃ ይጠጣል፣ ይቀልዳሉ፣ ወንድሜ ተነስቶ ኮሌታውን ያስተካክልለታል። ደግሞ «በል»። ሲጨርሱ ሽቦውን ነቀለና «እንካ፣ በሰላም ያውጣህ» አለው። ሾፌሩም ማጫወቻዋን ኪሱ ከትቶ ሄደ። ቤቱ ገብቶም አልከፈታትም። ሊጠፋ የተቃረበ የራሱን ድምፅ ቁጭ ብሎ መስማት ማን ይፈልጋል?

ከሆስፒታል ወጥቶ ሱቁ የመጣ ዕለት ላውቀው አልቻልኩም፤ ከስቶ ግማሽ ሆኗል። በእጁም ሰላም አላለን። ማጫወቻዋን ወንድሜ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና ተጫነ። ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ። ውሃ ሲቀዳ ተሰማ። ቀጥሎ የወንድሜ ድምፅ «ኧረ እንዲያ አትገተር፣ ምሰሶ የዋጥክ መሰልክ እኮ!» አለ። ሾፌሩ ሌላውን ተጫነ፤ ሳል ነው። ሌላውን ተጫነ፤ ቁልፍ ሲንሿሿና ሁለቱ ሲሳሳቁ። ምስሉ ደግሞ ጉልበት፣ ወለል፣ የትከሻ ግማሽ። መቀዳት ያለበት አንዱም የለም፤ መቅረት ያለበት ሁሉ አለ።

ወንድሜ ማጫወቻዋን አንስቶ ቁልፏን ነካ፣ መልሶ ነካ። ፊቱ አመድ መሰለ። «መብራቷ» አለ። «መብራቷ የተገላቢጦሽ ነው።»

ዕድሜውን ሙሉ የሠራባቸው ማጫወቻዎች ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል እየጠበቁ ነው፤ ቀጥ ብሎ ሲበራ እየቀዱ ነው። ይቺኛዋ ቀጥ ብላ ስትበራ እየጠበቀች ነበር፤ የምትቀዳው ብልጭ ድርግም ስትል ነው። ማዳመጫው ደግሞ ማይኩ የሰማውን ሁሉ ስለሚያሰማ፣ ተቀዳም አልተቀዳ፣ ለእሱ ጥርት ብሎ ይሰማው ነበር። እሱ «በል» ሲል እሷ ታርፋለች፤ እነሱ ሲያርፉ እሷ ትቀዳለች። እንዲህ ሆነው ነው ያመሹት። ኮፒ ደግሞ የለም። የሚቀዳም ድምፅ ከእንግዲህ የለም።

ሾፌሩ አፉን ከፈተ። የተናደደ ሰው ፊት ነው፤ የሚወጣው ግን ከሻርፑ ስር የሚያፏጭ አየር ብቻ ነው። ጠረጴዛውን በቡጢ ሲመታው ማይኩ ወደቀ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ጻፈና ፊታችን ደቀነው። «ስገባ ማነው? ትላለች። ተነስታ ግድግዳውን ትይዛለች። በየቀኑ።» መጮህ ለማይችለው ሰው እኔ ልጩህለት ብዬ ወንድሜ ላይ ዞርኩበት።

«ኮፒ! አንዲት ኮፒ! ስንት ዘመን ነገርኩህ! ያንተ መሐላ እኚህን ሴትዮ ልጅ አሳጣቸው!»

ወንድሜ ሾፌሩን ነው የሚያየው። «ልስማው» አለው። «ሁሉንም ከመጀመሪያው ልስማው። ያንተ ነው፤ ካልፈቀድክልኝ አልነካውም።»

ሾፌሩ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

ወንድሜ የሰው ነገር ሁለቴ ሲሰማ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሳሉን፣ ውሃውን፣ ቀልዱን ሁሉ ሰማ። እየሰማ እንባው ይወርዳል፤ አይጠርገውም። ሾፌሩ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ይጠብቃል። ሊመሽ ሲል ወንድሜ ድንገት እጁን አነሳ።

«አለ» አለ። «አንድ ቦታ አለ።»

በዕረፍት ላይ ሳሉ ሾፌሩ ምን ብሎ እንደሚናገር ግራ ገብቶት ወንድሜን ሲያማክር ተቀድቷል። ሲያማክረው ታዲያ «እማ፣ መጣሁ» ብሏል። እንደ ዜና አንባቢ አይደለም፤ በር ላይ እንደሚለው ነው። «ችግሩ የእኔ ድምፅ ተጣብቆበታል» አለ ወንድሜ። «እኔ መቁረጥ አልችልበትም። ኮምፒውተር የሚችል ሰው ዘንድ ወስጄ የእኔን አስወጣዋለሁ። መጀመሪያ ግን እናትህ ይስሙት፤ እሳቸው አይሆንም ካሉ አይሆንም።» ተያይዘው ወጡ። እኔ የተቀጠረ ልብስ ነበረብኝና ቀረሁ።

ተመልሶ ሲመጣ «እህስ?» አልኩት።

«ተቀበሉት።»

«ያንተን ድምፅስ አስወጣኸው?»

«ተይው እታለም፣ አለቀ» አለኝ። እኔም አስቆርጦት ነው ብዬ ተውኩት። ከዚያ ወዲያ ማጫወቻ ሲቀበል መጀመሪያ በራሱ ድምፅ «አንድ፣ ሁለት» ብሎ ሳይሞክር አይቀዳም ነበር። ሙከራውን ደግሞ ወዲያው ያጠፋዋል። ኮፒማ እንደሆነ እስኪሞት አላስቀረም። ዓመታት አለፉ፤ ሾፌሩ በሱቁ ደጃፍ ሲያልፍ እጁን ያነሳል፣ ወንድሜም እጁን ያነሳል። ስለ ነገሩ ዳግመኛ አላወራንም።

እንግዲህ በለቅሶው ላይ ስጮህ ጥግ ላይ ተቀምጦ የነበረው፣ ተነስቶ የወጣውም ይሄ ሾፌር ነው።

እንግዳው ሁሉ ሲበተን ሱቄን ከፈትኩ። መክፈቴን እንጂ መሥራቴን አትጠይቁኝ። ከመጋረጃው ወዲያ ዝም ሲል እኔም መርገጥ ያቅተኛል። አመሻሽ ላይ ሾፌሩ በሩ ላይ ቆሞ በእጁ ጠራኝ።

«ምን ፈለግክ?» አልኩት። ደግሞ በእጁ ጠራኝ። ዘግቼ ተከተልኩት። መንገዱን ሙሉ ስነጫነጭ ሄድኩ፤ ወዴት ነው የምትወስደኝ፣ እግሬን አመመኝ፣ ሰው እንዲህ ይጠራል ወይ እያልኩ። ምን ይመልስልኝ? ሻርፑን እያስተካከለ ከፊቴ ይራመዳል።

ደረጃ ወጥተን አንድ የብረት በር ጋ ስንደርስ ቆመ። በሩን አልነካውም። ከኪሱ ያቺን ማጫወቻ አወጣ። አርጅታለች፤ ቁልፎቿ ላይ ያለው ቀለም ለቋል፣ ወገቧ በፕላስተር ታስሯል። እንዳያት ወደ እኔ አዞረና ተጫነ።

የሾፌሩ ትከሻና ኮሌታ ታየ። ወዲያው ከጎን አንድ እጅ ገብቶ ኮሌታውን ማስተካከል ጀመረ። እጅጌውን አወቅኩት። ሰማያዊ ሸሚዝ ነው፤ ሰማያዊ ክር አልቆብኝ ቁልፉን በቀይ የተከልኩለት፣ እሱም አንድ ቀን እንኳን ሳያማርር ለብሶ የጨረሰው። ቀዩ ክር ይታያል።

«እማ፣ መጣሁ ልበል?» አለ የሾፌሩ ድምፅ። «ወይስ መጥቻለሁ ልበል? ምን ልበል፣ አንተ?»

«እንደ ሁልጊዜህ በል» አለ ወንድሜ።

ወንድሜ ነው። ሳይቸኩል፣ ሊስቅ ሲል እንደሚያደርገው ቃሉን ትንሽ ጎትቶ። ግድግዳውን ያዝኩ። ረስቼው አልነበረም ለካ። ስሰማው ሁሉም ተመለሰልኝ፤ «እታለም» ማለቱም ጭምር።

ከውስጥ የአሮጊት ድምፅ፣ ረጋ ብሎ፣ «ሁለታችሁም ግቡ» አለ።

ስንገባ እናቱ ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ ፊታቸውን ወደ እግሬ ኮቴ አዞሩ። «ሌላም ሰው አለ?» አሉ።

«የቀጥታ እህት ነኝ፣ እማማ» አልኳቸው።

እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ሄጄ ያዝኳቸው። «ወንድምሽ ድምፄን አስቆርጠዋለሁ ብሎኝ ነበር» አሉ። «ተው አልኩት። ልጄ ብቻውን ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም፤ ሰው ሲያጫውተው ነው የሚያምርበት። ይኸው ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ሁለት ሆነው ይመጣሉ፣ ሁለታችሁም ግቡ እላቸዋለሁ። ሞተ ሲሉኝ ምን ላድርግ? ከልጄ ጋር እየመጣ እንዴት አትግባ ልበለው?»

አለቀስኩ። በለቅሶው ቀን እንኳን እንደዚያ አላለቀስኩም። ሾፌሩ ስልኬን ከእጄ ወስዶ ማጫወቻዋን እያሳየ በምልክት ጠየቀኝ፤ ልገልብጥልሽ ማለቱ ነው። እጄ ሊቀበል ተዘርግቶ ነበር። መለስኩት። ይሄ ድምፅ የእነሱ ነው፤ የእሳቸው በር ላይ የሚሰማ ነው። እኔ ዘንድ ምን ይሠራል? በሕይወቱ ሳለ ለወንድሜ አንድ ቀን ታዝዤው አላውቅም፤ ያን ማታ ታዘዝኩት።

«ኮፒ አልፈልግም» አልኩ። «ብቻ ካልከበድኳችሁ፣ አልፎ አልፎ መጥቼ በር ላይ ልስማው።»

በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ። ሾፌሩ ሥራ ውሎ መጥቶ ደረጃው ላይ ይጠብቀኛል። በሩ ጋ ቆምን፤ ማጫወቻዋን አውጥቶ ተጫነ። ልጃቸው ጠየቀ፣ ወንድሜ መለሰ።

«ሦስታችሁም ግቡ» አሉ ከውስጥ።